ስቴፎን ማርበሪ፦ አሳላፊው ሲበላ

ስለ ማይክል ጆርዳን መስሏችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ በሩ ክፍት ነው። ስለ ሌብሮንም አይደለም። እኛ ዛሬ የያዝነው ሰውዬ አንድም ቀን የኤንቢኤ ዋንጫ ያላነሳ፣ አሜሪካ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን የሚያጨማድድበት፣ ቻይና ውስጥ ግን በቁሙ ሐውልት የተሠራለት ነው። ስቴፎን ማርበሪ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ ስንደምርና ስንቀንስ እንዳይመሽብን።

መጀመሪያ ፖይንት ጋርድ በሚባለው ነገር እንግባባ። ቅርጫት ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። የማይወድ ደግሞ ድግስ መውደዱ ስለማይቀር በዚያ እናስረዳዋለን። ሰርግ ቤት ገብታችሁ ተቀምጣችኋል። ሳህን ይዛችሁ በዓይናችሁ የምትከተሉት ማንን ነው? ሙሽራዋን እንዳትሉን። አሳላፊውን ነው! ቀዩን ከአልጫው፣ ሥጋውን ከመረቁ እየለየ፣ ማን ገና እንዳልደረሰው፣ የትኛዋ አክስት እንደተቀየመች በዓይኑ እየለካ የሚዞረው እሱ ነው። ፖይንት ጋርድ ማለት ይኸው ነው። ኳሷን ከኋላ ይዞ ይወጣል፣ ሜዳውን ያያል፣ ለማን፣ መቼና የት ላይ እንደሚያቀብል ይወስናል። ጎበዝ አሳላፊ የሚባለው እንግዳው ሁሉ ጠግቦ ሲነሳ ነው። ታዲያ አንዳንዱ አሳላፊ ደህና ጮማ ሲያይ እጁ ወደ ራሱ አፍ ይሄድበታል። በማርበሪ ላይ ለዓመታት ሲቀርብ የኖረው ክስ በአጭሩ ይኸው ነው፦ አሳላፊ ሆኖ በላ።

ክሱን እንደወረደ እንዳንቀበል የሚያደርገን ቁጥሩ ነው። ሰውዬው በኤንቢኤ ዘመኑ በአማካይ በየጨዋታው 19.3 ነጥብ አስቆጥሮ፣ 7.6 ኳስ ደግሞ ለጓደኞቹ አመቻችቶ አቀብሏል። 7.6 የስስታም ቁጥር አይደለም። ብዙ ሰው አብልቷል፤ እየበላ ነው እንጂ። እና ይሄ ‘ራስ ወዳድ’ የሚል ቃል አንድ ሰው ላይ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ እንዴት አልላቀቅ እንደሚል ስናይ፣ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ነንና ነገሩን ዝም ብለን ማለፍ አቃተን።

ልጁ የተወለደው በ1977 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ኮኒ አይላንድ ነው። ኮኒ አይላንድ ሲባል ቱሪስቱ የሚያውቀው የባሕር ዳርቻውንና የመጫወቻ ፓርኩን ነው። ከዚያ አለፍ ሲሉ ግን የመንግሥት የኪራይ ፎቆች ተደርድረዋል። ማርበሪዎች ሰባት ልጆች ናቸው፤ ስቴፎን ስድስተኛው ነው። ከሱ በፊት ሦስት ወንድሞቹ ኳሱን ሞክረውታል። ኤሪክ፣ ዶንና ኖርማን። ሦስቱም ሰፈር ውስጥ የተጨበጨበላቸው፣ ሦስቱም ኤንቢኤ ደጃፍ ሳይደርሱ የቀሩ። አንዱ ልጅ አልሆነም ሲባል ወደ ቀጣዩ ዞሮ “እንግዲህ የቀረኸን አንተ ነህ” የሚል ቤተሰብ እኛ ሰፈር ብቻ አይደለም ያለው። ስቴፎን ኳስ መያዝ የተማረው ከወንድሞቹ ነው፤ የሦስቱም ያልተሳካ ሕልም እንደ ውርስ እየተደረበ እሱ ላይ አረፈ። ልጁ ገና በመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜው የቤቱ ጡረታ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ደርሲ ፍሬይ የሚባል ጸሐፊ በ1994 ‘ዘ ላስት ሾት’ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የኮኒ አይላንድ ልጆች በሚማሩበት ሊንከን በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላሉ ተጫዋቾች ነው፤ ስቴፎንም እንደ አዲስ ገቢ ሕፃን አለበት። ታዲያ አባትየው፣ ዶን ማርበሪ፣ የልጃቸው ታሪክ የሚጻፍ ከሆነ ክፍያ ይገባናል ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው አይሆንም አለ። እኛም ክፍል ውስጥ ‘ለዜና ምንጭ ገንዘብ አይከፈልም’ ተብለን ተምረናል፤ ፈተና ላይም ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ግን እስቲ ከአባትየው ወንበር ሆናችሁ እዩት። አሰልጣኙ ልጁን ይዞ ስም ያወጣል። ኮሌጁ በልጁ ትኬት ይሸጣል። ጫማ አምራቹ በልጁ ጫማ ይሸጣል። ጸሐፊው መጽሐፍ ይሸጣል። ሁሉም ማዕዱን ከቦ ሲቀርብ አባትየው እጃቸውን ታጥበው ውጭ ይቁሙ? በዚህ ነገር እኛ እኛው ውስጥ ሁለት ቦታ ተከፍለናል፤ እስካሁንም አልታረቅንም።

ሊንከንን በ1995 የከተማ ሻምፒዮን አደረገ፣ ጆርጂያ ቴክ ኮሌጅ አንድ ዓመት ተጫወተ፣ በ1996 የኤንቢኤ ምርጫ አራተኛ ሆኖ ወጣ። የመረጠው ሚልዋኪ ነበር፤ ወዲያው በዚያው ምሽት ለሚኒሶታ ተሰጠ። በለውጡ ወደ ሚልዋኪ የሄደው ሬይ አለን ነው። ሬይ አለን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ስፓይክ ሊ ፊልም ላይ ሲተውን ምን ሆኖ ቀረበ መሰላችሁ? የኮኒ አይላንድ ልጅ፣ የሊንከን ትምህርት ቤት ኮከብ ሆኖ! ሰውዬው ቦታውን ሰጥቶት ሲያበቃ ሰፈሩንም ወሰደበት።

ሚኒሶታ ውስጥ ኬቨን ጋርኔት ነበር። ሁለቱም ገና ሃያ ዓመት አካባቢ፣ ሁለቱም ጓደኛሞች። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አሳላፊ። ቡድኑ በ1997 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፉ ደረሰ። እነዚህ ልጆች ለአሥር ዓመት አብረው ቢቆዩ ምን ሊሆን ነው ተባለ። ሦስት ዓመት አልሞላቸውም።

ነገሩ ገንዘብ ነው። ጋርኔት በ1997 የስድስት ዓመት ውል ፈረመ፤ 126 ሚሊዮን ዶላር። በኳሱ ታሪክ ያልታየ ብር ነበርና የቡድን ባለቤቶቹ ደነገጡ፤ በ1998 በሩን ዘግተው ሊጉን አቆሙ። በ1999 መጀመሪያ ሲከፈት አዲስ ሕግ ወጣ፦ ከእንግዲህ ለአንድ ተጫዋች የሚከፈል ጣሪያ አለው። ማርበሪ ውል የሚፈርምበት ተራ የደረሰው ልክ ጣሪያው ከተመታ በኋላ ነው። ለሱ የሚፈቀደው ወደ 71 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። አብሮት የሚለብስ፣ አብሮት የሚታጠብ ጓደኛው 126፤ እሱ 71።

“71 ሚሊዮን አነሰኝ ብሎ የሚያኮርፍ ሰው አለ?” ትሉ ይሆናል። እኛም ቁጥሩን ስናየው መጀመሪያ የመጣልን ሳቅ ነው። ግን ዜሮዎቹን አንሱና እዩት። ሁለት ልጆች ከአንድ ዲፓርትመንት ወጡ። አንዷ ቀድማ የውጭ ድርጅት ገባችና በዶላር ተቀጠረች። ሌላኛዋ ማመልከቻዋን ይዛ ስትደርስ መሥሪያ ቤቱ ‘ከዚህ ወር ጀምሮ ቅጥር በብር ሆኗል’ አላት። ያው ቢሮ፣ ያው ሥራ፣ ምናልባትም ያው ጠረጴዛ። ምሳ ሰዓት ላይ ሒሳቡን ማን ይክፈል ሲባል የምትፈጠረዋን ጸጥታ የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ብሩ ትንሽ ሆኖ አይደለም፤ ከአጠገብህ ካለው ሰው ጋር ሲለካ ነው የሚያምህ። የሚኒሶታ ብርድና የቤተሰቡ ናፍቆትም ነበረበት ይባላል፤ ይሆናል። ብቻ በማርች 1999 ልቀቁኝ አለና ከኒውዮርክ ወንዝ ተሻግሮ ወዳለው ኒው ጀርሲ ኔትስ ሄደ። ‘ራስ ወዳድ’ የምትለዋ ቃል ስሙ ላይ የተለጠፈችው ያኔ ነው።

ኔትስ ደካማ ቡድን ነበር። ማርበሪ ብቻውን ያስቆጥራል፣ ብቻውን ይሸነፋል። አንድ ሰሞን ቁርጭምጭሚቱ ላይ በሚጠመጥመው ፋሻ ‘ብቻዬን’ ብሎ ከመለያ ቁጥሩ ከ33 ጋር ጽፎ ገባ። ጓደኞቹ ፋሻውን ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው አስቡት፤ አሳላፊው ሰርግ ቤት መሀል ቆሞ ‘እዚህ ቤት ሰው የለም’ እንደማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2001 ሌከርስ ላይ 50 ነጥብ አስቆጥሮ ተሸነፈ። በዚያው ወር በኮከቦች ጨዋታ ላይ መጨረሻዋ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ነጥቦች አግብቶ ምሥራቁን በ111 ለ110 አሸናፊ አደረገ። የዓመቱ ውጤት ግን 26 ድል፣ 56 ሽንፈት።

ቀጥሎ የሚመጣው ነው ሰውዬውን የቀበረው። በ2001 ክረምት ኔትስ ማርበሪን ለፊኒክስ ሰጥቶ ጄሰን ኪድን አመጣ። ማርበሪ በመጨረሻው ዓመቱ በአማካይ 23.9 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ኪድ 14.7 ብቻ አስቆጠረ። ቡድኑስ? ከ26 ድል ወደ 52 ዘለለ፤ በ2002ም በ2003ም ለፍጻሜ ደረሰ። እሺ፣ አጋጣሚ ነው እንበል። በጃንዋሪ 2004 ፊኒክስም ማርበሪን ለኒውዮርክ ኒክስ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ስቲቭ ናሽን አስፈረመ። 29 ድል የነበረው ቡድን 62 አሸነፈ። ሚኒሶታም ብትሆን በ2004 ለምዕራቡ ፍጻሜ ደረሰች። ማርበሪ የለቀቀው ቤት ሁሉ ይባረካል ማለት ነው! የኒውዮርክ ጋዜጦች ይህቺን ነገር አገኟትና እንደ ማስቲካ አኘኳት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ አንተን አሰናብቶ ጄሰን ኪድንና ስቲቭ ናሽን ያመጣ ቡድን ቢሻሻል ምኑ ይገርማል? ሁለቱም እኮ በዘመኑ ካሉት አቀባዮች ቁንጮ ናቸው። ማንንም በነሱ ብትለኩት ያጥራል። ሁለተኛውን ግን መደበቅ አንችልም፤ የ23.9 እና የ14.7 ነገር ይከነክናል። ኪድ ዘጠኝ ነጥብ ትቶ 26 ድል አመጣ። በእርግጥ ኔትስ ያን ዓመት አዳዲስ ልጆችም አግኝቶ ነበር፤ የተጎዱትም ድነው ነበር። ቢሆንም፣ ለማርበሪ ጥብቅና ልንቆምለት የመጣን ሰዎች እንኳ እዚህ ቁጥር ላይ ስንደርስ ድምፃችን ዝቅ ይላል።

ኒውዮርክ መግባቱ የሕልሙ ሁሉ መጨረሻ መሆን ነበረበት። የብሩክሊን ልጅ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ አባቱ ወንበራቸው ላይ። በ2004 ጥሎ ማለፍ ገባ፤ የደረሰው ቡድን ማን መሰላችሁ? ጄሰን ኪድ ያለበት ኔትስ። 4 ለ 0። በዚያው ዓመት አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ ስፔን ላይ 31 ነጥብ አስቆጠረ፤ ለአሜሪካ ቡድን በአንድ ጨዋታ ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። አሜሪካ ግን ነሐስ ይዛ ተመለሰች፣ ያም እንደ ውርደት ተቆጠረ። ከአሰልጣኝ ላሪ ብራውን ጋር ሲነታረኩ ከርመው በ2006 ቡድኑ 23 ድል ብቻ ይዞ ዓመቱን ዘጋ። ከአይዛያ ቶማስ ጋርም አልሆነም።

በዚህ ሁሉ መሀል የሠራትን አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ሌላው ቢቀር እግራችን ይታዘበናል። በ2006 ‘ስታርበሪ’ የሚባል ጫማ አወጣ። ዋጋው 14.98 ዶላር። የኮከብ ስም ያለበት ጫማ መቶ ሃምሳ ዶላር በሚሸጥበት ዘመን! ሰውዬው ጫማውን ለድሆች ልጆች ሸጦ እሱ ሌላ አላደረገም፤ ያችኑ ጫማ አድርጎ ኤንቢኤ ሜዳ ላይ ገባባት። ስንቱ ሳቀበት። እኛ ግን መርካቶ ገብተን፣ የሚዘለው የጆርዳን ምስል አንድ እግሩ የጎደለበትን ‘ኦርጅናል’ ጫማ በክርክር የገዛን ትውልድ ስለሆንን ለመሳቅ ሞራሉ የለንም። ራስ ወዳድ የተባለው ሰው ነው እንግዲህ። ጫማውን የሚሸጠው ድርጅት በ2008 ከሰረ፣ ነገሩም ከሱ ጋር ተዳፈነ።

በዲሴምበር 2, 2007 ኒክስ ሜዳው ላይ ፊኒክስን እያስተናገደ ነው። አባትየው፣ ያ ለልጃቸው ታሪክ ክፍያ የጠየቁት ዶን ማርበሪ፣ ጨዋታውን እያዩ ደረታቸውን አመማቸውና ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ልጃቸው ሜዳ ላይ ነበር። መሞታቸው የተነገረው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት እንለፈው። በ2008 አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ ማይክ ዳንቶኒ፣ በፊኒክስ አሰልጣኙ በሆነ በሳምንታት ውስጥ ማርበሪ ተላልፎ የተሰጠበት። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየተከፈለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በኋላም ከነጭራሹ አትምጣ ተባለ። በፌብሩዋሪ 2009 ውሉን አፍርሰው ቦስተን ሄደ። ቦስተን ውስጥ ማን አለ? ኬቨን ጋርኔት! ከአሥር ዓመት በኋላ ተገናኙ፤ ጥሎ ማለፉ ሲደርስ ግን ጋርኔት ጉልበቱ ታሞ ተቀመጠ። ቦስተን ለሚቀጥለው ዓመት በአነስተኛው ክፍያ እናቆይህ ቢለው እምቢ አለ።

በዚያ በ2009 ክረምት ራሱን በኢንተርኔት ቀጥታ ሥርጭት ማሳየት ጀመረ፤ ሌት ተቀን። ይደንሳል፣ ይሰብካል፣ ያለቅሳል። አንድ ቀን ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ ቫዝሊን በላ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ እኛም ጋ ደርሷል። ሁሉም አበደ ብሎ ሳቀ። ከዓመታት በኋላ ያኔ በአባቱ ሞት ጭንቀት ውስጥ ገብቶ ሞቱን እስከ መመኘት ደርሶ እንደነበር ተናገረ። ልቅሶ ቤት ሳይቀመጥ፣ ነጠላ ሳያዘቀዝቅ፣ የሚያስተዛዝነው ዕድርተኛ ሳይኖረው ካሜራ ከፍቶ ያለቀሰ ሰው ነበር የታየው። የሳቀበት የዜና አንባቢ ሁሉ ቴፑ ቢወጣለት ምን ይል ይሆን?

በጃንዋሪ 2010 አውሮፕላን ተሳፍሮ ታይዩዋን ወረደ። ታይዩዋን የሻንሺ ዋና ከተማ ናት፤ ሻንሺ የከሰል ድንጋይ አገር ነው። የምንለብሰውም የምንጫማውም ከቻይና እየተጫነ ወደኛ ሲመጣ፣ ሰውዬው የሱን ዕቃ ሸክፎ ወደ ዕቃው መውጫ ሄደ። ቋንቋ አያውቅም፣ የሚያውቀው ሰው የለም። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ያኔ ቻይና የሚሄዱት ወር ቆጥረው ብር ይዘው ለመመለስ ነበር። ማርበሪ ከሻንሺ ፎሻን፣ ከፎሻን በ2011 ቤጂንግ ገባ። ቤጂንግ ዳክስ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። በ2012 ፍጻሜ የገጠማቸው ጓንግዶንግ ደግሞ ካለፉት ስምንት ዋንጫዎች ሰባቱን የወሰደ ቡድን ነው። 4 ለ 1 አሸነፉት። በመጨረሻው ጨዋታ 41 ነጥብ አስቆጠረ፤ ፊሽካው ሲነፋ ከጓደኞቹ ተለይቶ ሄዶ ተቀምጦ አለቀሰ። በዚያው ዓመት ሐውልቱ ቆመ። በ2014 ደገሙት፣ በ2015 ሠለሱት። በ2014 ስለሱ የሙዚቃ ቲያትር ተሠራ፤ ማርበሪን ሆኖ የተወነው ራሱ ማርበሪ ነው (ሌላ ማን ይችለዋል)። ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠችው፣ በኋላም የቻይና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ።

ሰው ይሄን ሲሰማ ‘ተለወጠ፣ ትሕትና ተማረ’ ማለት ይወዳል። እኛ ይቺን አንቀበልም። ቤጂንግም ኳሷ በሱ እጅ ነበረች፤ ቤጂንግም እያሳለፈ በላ። 41 ነጥብ እኮ የአሳላፊ ነጥብ አይደለም! የተለወጠው ድግሱ ነው ባይ ነን። ኒውዮርክ ውስጥ ከጓደኛው ደሞዝ፣ ከኪድ ዋንጫ፣ ከናሽ ኳስ ጋር ሲለካ የኖረ ሰው ቤጂንግ ሲገባ የሚለካበት ሜትር ጠፋ። በሜትሮ ባቡር ይሄዳል፣ ሰው ሰላም ይለዋል። ከመሀከላችን አንዷ “ይሄማ የስደት ታሪክ ነው፤ አገሩ ላይ አልሆነለትም፣ ውጭ አለፈለት” ብላ ትሟገታለች። እንዳንቀበላት የሚከለክለን ዱባይና ቤሩት የሄዱትን ስናስብ ነው፤ እሱ የሄደው ስሙንና ሚሊዮኖቹን ይዞ ነው። ያቺ ሻንጣዋን በካርቶን ያሰረች ልጅ ሐውልት የሚያቆምላት ከተማ አልተገኘም።

በፌብሩዋሪ 11, 2018፣ 41 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ቤጂንግ ውስጥ ለሌላኛው የከተማዋ ቡድን የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ። 20 ነጥብ አስቆጠረ፣ አሸነፉ፣ ጫማውን ሰቀለ። በ2019 እዚያው አሰልጣኝ ሆነ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በማርች 2020 ኒውዮርክ ሆስፒታሎቿ የአፍ መሸፈኛ አልቆባቸው ስትጨነቅ፣ ማርበሪ ቻይና ከሚያውቀው አምራች ጋር ተነጋግሮ 10 ሚሊዮን ማስክ በወጪው ብቻ ለከተማዋ ላቅርብ ብሎ ድርድር ገባ። ሌሎች ነጋዴዎች ለአንዱ 7.50 ዶላር ሲጠሩ እሱ 2.75 አለ። ዜናውን ያወጡት በቫዝሊኑ ሰሞን ሲስቁበት የነበሩት የኒውዮርክ ጋዜጦች ናቸው።